መምህሩና የበገናው ባላ

አንድ የታወቁ የበገና መምህር ነበሩ። ስማቸው መምህር ላቀው ነው። በደጋ ላይ በምትገኝ ትንሽ ከተማ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ማዶ ባለው ቤታቸው ሠላሳ ዓመት ሙሉ በገና አስተምረዋል። በዐቢይ ጾም እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ግቢያቸው ውስጥ ይሰበሰብና ሲደረድሩ ያዳምጣቸው ነበር። የተጣላ ሰው እንኳ ጎን ለጎን ተቀምጦ ሰምቷቸው ሲወጣ ሰላም ይባባላል ይባል ነበር።

እሳቸው ዘንድ አንድ የማይታለፍ ሕግ ነበር። በገና የሚደገፈው በደርዳሪው ገላ ነው፤ በሌላ በምንም አይደለም ይላሉ። ተማሪው ዱካ ላይ ቀጥ ብሎ ይቀመጣል። ድምፅ የሚወጣበትን የታችኛውን ሣጥን ጭኑ ላይ ያሳርፋል። በቀኝ እጁ በገናውን አቅፎ ይይዛል፤ በግራ እጁ ጣቶች አውታሮቹን ይደረድራል። ግድግዳ መደገፍ የለም፤ ትራስ ማስገባት የለም። ክንዴ ዛለ፣ ወገቤ ታመመ የሚል ተማሪ ሲመጣ በትዕግሥት ይለመዳል ብለው ይመልሱታል። ብዙዎች ለመዱ። ያልለመዱት አንድ በአንድ ቀሩ። መምህሩ ስለቀሩት አስበው አያውቁም፤ በእሳቸው ዓይን የቀረ ሁሉ ፍላጎት ያነሰው ነበር።

አንድ ዓመት ስንዱ የምትባል የኮርቻ ሠሪ ልጅ ልትማር መጣች። ዕድሜዋ ሃያ ዓመት ያህል ነው። በልጅነቷ ታማ ቀኝ ክንዷ መንምኖ ቀርቷል። ጣቶቿ ቀላል ነገር ይይዛሉ፤ ክብደት ግን አይችሉም። ከአባቷ ጋር ኮርቻ ስትሠራ አድጋለችና እንጨትና ቆዳ እንዴት እንደሚታዘዙ ታውቃለች። ስለዚህ ወደ መምህሩ ስትመጣ በገናዋን ብቻ አልያዘችም፤ ራሷ የሠራችውን መደገፊያም ይዛ ነበር። ነገሩ ቀላል ነው። ከታች ከዋንዛ የተጠረበ ጠፍጣፋ እግር አለው፤ በእሱ ላይ የበገናው ሣጥን የሚያርፍበት ጎድጎድ ያለ ቦታ አለ። ከጎኑ ደግሞ ባላ ቆሟል፤ ጫፉ እንደ ሹካ የተከፈለ እንጨት ማለት ነው። የበገናው አንዱ ክንድ በባላው ገብቶ በጠፍር ይታሰራል። እንዲህ ከሆነ በገናው ማንም ሳያቅፈው ቀጥ ብሎ ይቆማል።

መምህሩ መደገፊያውን ዞር ዞር ብለው አዩት። ከዚያም ይህ ለአህያ ጭነት እንጂ ለበገና የሚሆን አይደለም አሉ። ግቢው ውስጥ የነበሩት ተማሪዎች ሣቁ። መምህሩ ቀጠሉና ወይ እንጨቷን ከደጅ አስቀምጣ እንደ ሰው ሁሉ አቅፋ እንድትማር፣ ወይም እንድትመለስ ነገሯት።

ስንዱ አላለቀሰችም፤ አልተቆጣችም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች።

"የኔታ፣ ድምፁን ሰምተውታል?"

"መስማት አያስፈልገኝም" አሉ መምህሩ። "ያየሁት ይበቃኛል።"

ስንዱ በገናዋንና መደገፊያዋን ይዛ ሄደች። መምህሩም በዚያው ቀን ማታ ረሷት።

ስድስት ዓመት አለፈ። አንድ ቀን መምህር ላቀው ለቅሶ ደርሰው ሲመለሱ ወንዝ መሻገሪያው ላይ በቅሏቸው አዳለጣትና ወደቁ። የወደቁት በቀኝ ትከሻቸው ነበር። ወጌሻ አሻቸው፤ ቆይተውም ጤና ጣቢያ ሄዱ። አጥንቱ ገጠመ፤ ሕመሙም ቀነሰ። ክንዳቸው ግን ከደረታቸው በላይ አልነሣ አለ፤ ጉልበትም አልነበረውም።

መጀመሪያ ቀን በገናውን አንሥተው ሲቀመጡ ሚስታቸው ወይዘሮ አስካለ አጠገባቸው ነበሩ። የግራ እጃቸው ጣቶች እንደ ድሮው ነበሩ፤ አንዳች ነገር አልጎደላቸውም። በገናው ግን ከጭናቸው ላይ ተንሸራተተ። በጉልበታቸው ያዙት፤ እንደገና ተንሸራተተ። በሦስተኛው መሬት ላይ ወደቀና ሁለት አውታር ተበጠሰ። አንድ ተማሪ ከኋላቸው ቆሞ እንዲይዝላቸው ሞከሩ። ተማሪው በተነፈሰ ቁጥር በገናው ይነቃነቃል፤ እሱ እንዳይነቃነቅ ሲጨነቅ እሳቸውም ዜማው ይጠፋባቸዋል። ከሁለት ቀን በኋላ በገናውን በነጠላ ጠቅልለው ግድግዳ ላይ ሰቀሉት። ተማሪዎቹን አሰናበቱ። የሚጠይቃቸው ሲመጣ አርጅቻለሁ፣ የእኔ ጊዜ አልፏል ይሉ ጀመር።

ወይዘሮ አስካለ ግን የሚያዩትን ያያሉ። ባለቤታቸው ማዕድ ቀርቦ ሁለት ጉርሻ በልተው ይተዋሉ። ዝም ብለው ሲቀመጡ የግራ እጃቸው ጣቶች በጭናቸው ላይ ዜማ ይመታሉ፤ እሳቸው ግን ይህን አያውቁትም። አንድ ቀን ሚስታቸው ጣቶቻቸውን ሲያዩባቸው መምህሩ እጃቸውን እንደ ሌባ በጋቢያቸው ውስጥ ደበቁ። ያኔ ወይዘሮ አስካለ ወደ ጓዳ ገብተው አለቀሱ።

የዐቢይ ጾም መግቢያ ሲቃረብ የደብሩ ሽማግሌዎች መጡና ዘንድሮ እንዴት ይሆናል ብለው ጠየቁ። መምህሩ ሌላ ሰው ፈልጉ አሏቸው። ሽማግሌዎቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። ከወንዙ ማዶ ባለው ገበያ በኩል አንዲት ሴት በገና ትደረድራለች፣ ሰው እየሄደ ይሰማታል ይባላል አሉ፤ ከዚያ በላይ ሳይናገሩ ተሰናብተው ወጡ። መምህሩ ማን ትሆን ብለው ሚስታቸውን ጠየቁ። ወይዘሮ አስካለ ሲደብቁት የቆዩትን ተናገሩ።

"ስንዱ ናት" አሉ። "ያቺ ከነመደገፊያዋ የመለሷት። እኔ ሁለት ጊዜ ሄጄ ሰምቻታለሁ።"

መምህሩ ሁለት ቀን ሙሉ ዝም አሉ። ሚስታቸው የተቆጡ መሰላቸው። መምህሩ ግን የተቆጡት በሰው አልነበረም። ያን ቀን የተናገሩትን ቃል በቃል ለማስታወስ እየሞከሩ ነበር፤ ባስታወሱት ቁጥር ፊታቸው ይግላል። ይቅርታ መጠየቅ እንዳለባቸው አውቀዋል። ያስቸገራቸው ይቅርታውም መደገፊያ ሥሪልኝ የሚለው ልመናም በአንድ ቀን መሆኑ ነው። ያስቀየሙትን ሰው የሚፈልጉት ሲቸግራቸው ብቻ ከሆነ ይህ ምን ዓይነት ይቅርታ ነው እያሉ ይጨነቁ ነበር። በመጨረሻ ለሚስታቸው ይህንኑ ነገሯቸው። ወይዘሮ አስካለም ቢዘገይም ከነውርደቱ መሄድ ሳይሄዱ ከመቅረት ይሻላል አሏቸው።

በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ምርኩዛቸውን ይዘው በእግራቸው ወንዙን ተሻገሩ። የኮርቻ ሠሪው ቤት አጥር ጋ ሲደርሱ የበገና ድምፅ ሰሙና ቆሙ። ድምፁ ጥልቅ ነው፤ አይቸኩልም፤ አንዱ አውታር ንግግሩን ሳይጨርስ ሌላው አይገባበትም። ከሠላሳ ዓመት ተማሪዎቻቸው መካከል እንዲህ የሚደረድር ሁለት ወይም ሦስት ቢሆን ነው። ምርኩዛቸውን ተደግፈው እስኪያበቃ ድረስ አዳመጡ።

ሲገቡ ስንዱ በቆዳና በእንጨት ፍቅፋቂ መካከል ተቀምጣ ነበር። በገናዋ በባላው ላይ ቆሟል። ስታያቸው ከመቀመጫዋ ተነሣች፤ ግን ወደ እሳቸው አልተራመደችም። መምህሩ ሰላምታ አላስቀደሙም።

"ያን ቀን ድምፁን ሰምተውታል ወይ ብለሽ ጠይቀሽኝ ነበር" አሉ። "አልሰማሁትም ነበር። ዛሬ ከአጥርሽ ውጭ ቆሜ ሰማሁት። በድያለሁ፣ ልጄ። ይቅር በይኝ።"

ስንዱ የነገረቻቸው ነገር ቁጣ አልነበረበትም፤ ግን አላለሳለሰችውም። ከዚያ ቀን በኋላ አንድ ዓመት ሙሉ በገና እንዳልነካች፣ መደገፊያውንም ለማገዶ ልትፈልጠው መጥረቢያ ማንሣቷን፣ አባቷ ከእጇ ቀምተው እንዳስቀመጡላት ነገረቻቸው። መምህሩ አንገታቸውን ደፍተው ሰሙ። አላቋረጧትም፤ ምክንያትም አልደረደሩም። ተናግራ ስትጨርስ ዱካ አቀረበችላቸው።

"እግዚአብሔር ይቅር ይበለን፣ የኔታ። ይቀመጡ። ስለ ትከሻዎ ሰምቻለሁ።"

መምህሩ መደገፊያ ትሠራላቸው እንደሆነ ሲጠይቁ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነበር። ለመፍጠን ብለውም የእሷን ቢሞክሩት እንዴት እንደሚሆን ጠየቁ። ስንዱ ራሷን ነቀነቀች። የእሷ የተሠራው በእሷ ቁመትና በእሷ ክንድ ነው፤ ኮርቻም ቢሆን የአንዱ በቅሎ ለሌላው አይሆንም፣ ጀርባ ይልጣል አለች። ከዚያም የቆዳ ቁራጭ አንሥታ ትለካቸው ጀመር። ከመሬት እስከ ጉልበታቸው፣ ከጉልበታቸው እስከ ብብታቸው፣ ከደረታቸው እስከ ግራ እጃቸው ጣቶች ለካች። በየልኩ ላይ በወስፌ ምልክት አደረገች። እየለካችም የት የት እንደሚያማቸው፣ ሲቀመጡ ነው ወይስ ሲነሡ፣ በየትኛው ጎን ሲያጋድሉ እንደሚብስ ጠየቀች። ወጌሻውም ሐኪሙም እንዲህ አልጠየቋቸውም ነበር። መምህሩ ለሚስታቸው እንኳ ያልነገሩትን ተናገሩ። ትከሻቸው ብቻ እንዳልሆነ፣ ወገባቸው ከመውደቃቸው ከአሥር ዓመት በፊት ጀምሮ እንደሚያማቸው፣ ይህንንም ከተማሪዎቻቸው ደብቀው እንደኖሩ ነገሯት።

መምህሩ በገናቸውን ከግድግዳ አስወርደው፣ የተበጠሱትን አውታሮች አስቀጥለው አስመጡ፤ የመጀመሪያው ሙከራ ግን አልተሳካም። ባላው ስለረዘመ በገናው ወደ ፊት ደፋ አለ። ስንዱ አሳጠረችው። ሁለተኛው ደግሞ በገናውን ቀጥ አድርጎ ያዘው፤ ድምፁ ግን ታፈነ። እንጨቱ የሣጥኑን ቆዳ ተጭኖት ነበር። መምህሩ ልባቸው ወደቀ፤ ይህስ አይሆንም ብለው ሊነሡ ሲሉ ስንዱ እንዲታገሱ ነገረቻቸው። ሣጥኑ የሚያርፍበትን ቦታ በመሮ አሰፋችው። ጠርዙ ብቻ እንዲነካ አደረገችና ከሥሩ የበግ ለምድ ለበጠችበት። ይህ ሁሉ ሦስት ቀን ወሰደ። መምህሩ በየቀኑ ወንዙን እየተሻገሩ መጡ። ሁለተኛው ቀን ላይ ሚስታቸውም አብረው መጥተው ጠፍሩን ይዘው ሲያግዙ ዋሉ።

በሦስተኛው ቀን በገናው በባላው ገብቶ ታሰረ። መምህር ላቀው ተቀመጡ። ቀኝ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አሳረፉት። ግራ እጃቸውን ዘርግተው የመጀመሪያውን አውታር ነኩ፤ ቀጥለው ሁለተኛውን፤ ከዚያ ሁሉንም። በገናው አልተንሸራተተም። ድምፁ ከሣጥኑ ሞልቶ ወጣና ቤቱን ሞላው። ወይዘሮ አስካለ ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ።

መምህሩ ብዙ ደረደሩ። ሲያቆሙ ላብ አልነበረባቸውም፤ ትከሻቸው ወርዷል፤ አተነፋፈሳቸው ረግቷል። ከዚያም ሣቅ አሉ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ግማሽ ጉልበቴን ስጨርስ የኖርሁት በመያዝ ነው ለካ አሉ። ለመደርደር ያለኝ ጉልበት ያ ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ከዚያም በላይ ነበረኝ ብለው ጨመሩ።

ስለ ሥራዋ ምን ልስጥሽ ብለው ሲጠይቋት ስንዱ ለብቻዋ ልትደርስበት ያልቻለችው አንድ ቅኝት እንዳለ፣ እሱን እንዲያስተምሯት ለመነች። መምህሩም እዚያው በኮርቻዎቹ መካከል ማስተማር ጀመሩ።

የጾሙ የመጀመሪያ እሑድ ደረሰ። ሕዝቡ ከቅዳሴ በኋላ ወደ መምህሩ ግቢ ሲገባ ሁለት ዱካና ሁለት በገና አገኘ። ሁለቱም በባላ ላይ ቆመዋል። በአንዱ አጠገብ መምህሩ፣ በሌላው አጠገብ ስንዱ ተቀምጠዋል። ማጉረምረም ተሰማ። ከመጀመሪያዎቹ ተማሪዎቻቸው አንዱ የነበረውና አሁን በሌላ ደብር የሚያስተምረው ዲያቆን ፈንታሁን ተነሣ። አክብሮቱን ሳይለቅ፣ ግን ሰው ሁሉ እንዲሰማው አድርጎ ጠየቀ።

"የኔታ፣ በገና የሚደገፈው በደርዳሪው ገላ ነው ብለው አላስተማሩንም?"

"አስተምሬያለሁ" አሉ መምህሩ። "አንተ ማኅሌት ስትቆም በእጅህ ምን ትይዛለህ?"

"መቋሚያ።"

"ታዲያ ሌሊቱን ሙሉ የቆምኸው አንተ ነህ፣ ወይስ መቋሚያው?"

ዲያቆኑ ተቀመጠ። መምህሩ ግን በዚህ አላበቁም። ከስድስት ዓመት በፊት ስንዱን በዚሁ ግቢ ምን ብለው እንደመለሷት ሳይቀንሱ ተናገሩ። የአህያ ጭነት ማለታቸውንም አልደበቁም። ያን ቀን ከሣቁት ተማሪዎች መካከል አንዳንዶቹ እዚያ ነበሩና አቀረቀሩ። ከዚያ ሁለቱ አብረው ደረደሩ። ሕዝቡ ከዚያ ወዲያ ባላውን አላየም፤ ያዳመጠው በገናውን ነበር።

በማግሥቱ ጠዋት በራቸው ተንኳኳ። የመጡት አቶ ተካልኝ የሚባሉ፣ ከእሳቸው ቤት ሦስት ቤት አልፎ የሚኖሩ ጎልማሳ ነበሩ። በአሮጌ አንሶላ የተጠቀለለ ነገር ታቅፈዋል። አንሶላው ሲፈታ በገና ሆኖ ተገኘ፤ አቧራ ለብሷል፤ አውታሮቹ ላልተዋል። አቶ ተካልኝ ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በፊት የመምህሩ ተማሪ ነበሩ። ድንገት ቀርተው ነበርና መምህሩም ልቡ ወደ ንግድ ሄደ ብለው ትተዋቸዋል። አሁን ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ወገባቸውን እንዴት እንደሚያማቸው፣ ተቀምጠው በገና ማቀፍ እንዴት እንዳቃታቸው ነገሯቸው። ትናንት ከሕዝቡ መካከል ሆነው ባላውን ሲያዩ ሌሊቱን እንቅልፍ እንዳልወሰዳቸው ተናገሩ።

መምህሩ አዘኑ። ጎረቤት ሆነው ይህን ያህል ዓመት ስለ ሕመሙ አለመስማታቸው ገረማቸው።

"ምነው ያኔ ብትነግረኝ?" አሉ።

"ነግሬዎት ነበር፣ የኔታ።"

መምህር ላቀው ወደ ቤት ገብተው የቆዳ ቁራጭና ወስፌ ይዘው ወጡ። አቶ ተካልኝን ዱካ ላይ አስቀመጧቸው። እሳቸው ራሳቸው መሬት ላይ ተንበረከኩና በደህናው እጃቸው ከመሬት እስከ ጉልበት መለካት ጀመሩ፤ እየለኩም የት የት እንደሚያማቸው ጠየቁ። በዚያ ጾም ሌሎች አምስት ሰዎች እንዲሁ መጡ። አንዷ እግሯን ያጣች ሴት ነበረች፤ አንዱ እጁ የሚንቀጠቀጥ አዛውንት። በዚያች ትንሽ ከተማ ስንት በገና በየጓዳው ተጠቅልሎ እንደኖረ ያኔ ታወቀ። ፋሲካ ሲደርስ ሁሉም ከጓዳ ወጥተው ነበር።

ከዚህ ታሪክ የምንረዳው ይህን ነው። ብዙ ጊዜ ሰው ሥራውን የሚተወው ችሎታው ስለጠፋ አይደለም፤ ችሎታውን የሚሸከምበት ነገር ስለጎደለው ነው። እኛ ግን ያልቻለውን ሰው ስናይ ሰነፍ ነው፣ ልቡ የለም እንላለን፤ የት እንደሚያመው አንጠይቅም። ድጋፍ መፈለግ ውርደት አይደለም። ውርደቱ የሌላውን ድጋፍ ነጥቆ እንደ እኔ ቁም ማለት ነው። በደልንም ያወቀ ሰው፣ ቢዘገይ እንኳ፣ ይሂድ፤ በሩ ከፈራው ይልቅ ክፍት ሆኖ ሊያገኘው ይችላል።

እናንተስ በጨርቅ ጠቅልላችሁ ያስቀመጣችሁት ምንድን ነው? በአጠገባችሁ ካሉት ሰዎችስ መካከል ሕመሙን ነግሯችሁ ያልሰማችሁት ማን ነው?